ሲቪ-22 ኦስፕሬይ ለልዩ ዘመቻ፦ ፍጥነቱ ምን ያህል ያስከፍላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እንደ ሄሊኮፕተር ተነሥቶ እንደ አውሮፕላን የሚበረው ኦስፕሬይ ይህን ያህል ሰው ከጨረሰ በኋላ የአሜሪካ ልዩ ኃይል ለምን አልተወውም? ሄሊኮፕተር የማይሠራውን ምን ይሠራል? የሚወድቀውስ በአብራሪ ስህተት ነው ወይስ በማሽኑ?»

ያልተተወበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሩቅ ያለ ኢላማ ጋ ደርሶ፣ ሰው አውርዶ ወይም ጭኖ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ መመለስ ይችላል። የአደጋዎቹ መነሻ የተለያየ ቢሆንም አብዛኞቹን ስንመረምራቸው ለዚያው ፍጥነት ሲባል ከተወሰነ የአሠራር ምርጫ ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለያይቶ መመልከት አያዋጣም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የ1980ው የኢራን ዘመቻ ነው። በቴህራን የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስለቀቅ ስምንት አርኤች-53ዲ ሄሊኮፕተሮች ኒሚትዝ ከተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነሡ። ሄሊኮፕተሮቹ ቀርፋፋ ስለሆኑና ነዳጃቸውም ስለማያደርሳቸው ዕቅዱ ሁለት ሌሊት ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት በረሃ ላይ አርፈው ነዳጅ ሊሞሉና ወደ ቴህራን ሊጠጉ፣ ቀኑን ተደብቀው ሊውሉ፣ ጥቃቱን በማግስቱ ሌሊት ሊፈጽሙ ነበር። በረሃው የደረሱት ስድስት ናቸው። ከስድስቱ የአንዱ ሃይድሮሊክ ተበላሸ፣ ዕቅዱ ቢያንስ ስድስት ይፈልግ ነበርና ዘመቻው ተሰረዘ። ለመመለስ ሲሰናዱ አንዱ ሄሊኮፕተር ነዳጅ ከጫነ ሲ-130 ጋር ተላትሞ ስምንት ሰው ሞተ። በ1981 የተጀመረው የጋራ ፕሮግራም የፈለገው እንደ ሄሊኮፕተር የሚያርፍ፣ እንደ ተርቦፕሮፕ፣ ማለትም በፕሮፔለር እንደሚነዳ አውሮፕላን የሚፈጥን ነገር ነበር። ቤልና ቦይንግ ሠርተውት ቪ-22 ኦስፕሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በመጋቢት 1989 ነው። ለልዩ ዘመቻ የተዘጋጀው ሲቪ-22 ግን ለውጊያ ዝግጁ ነው የተባለው በ2009 ነው፤ ሃያ ዓመት ፈጅቷል።

ሲቪ-22ን ከባሕር እግረኛው ኤምቪ-22 የሚለዩት በአፍንጫው በኩል የተገጠመው መልክዓ ምድር ተከታይ ራዳር፣ በክንፎቹ ውስጥ ያለው ተጨማሪ ነዳጅ፣ እንዲሁም የራዳርና የሙቀት ተከታይ ሚሳይል ማደናገሪያዎቹ ናቸው። ራዳሩ በጨለማና በደመና ውስጥ ተራራና ሸለቆውን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ለመብረር ያስችላል። ሠራተኞቹ አራት ናቸው፦ ሁለት አብራሪና ሁለት የበረራ መሐንዲስ። በወንበር 24፣ ወለል ላይ ከተቀመጡ 32 ወታደር ይጭናል። የመሣሪያ ነገር ብዙ የሚወራለት አይደለም። ዋናው ከኋላ መወጣጫው ላይ የሚተከል መትረየስ ነው፣ እሱም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይተኩስም። ሊያርፍበት ያሰበውን ቦታ ራሱ የሚያጸዳበት ነገር የለውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የተለመደው የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 446 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የጦር ሄሊኮፕተር ብላክ ሆክ 280 ገደማ ይሄዳል። ከጅቡቲ ደቡብ ሱዳን ውስጥ እስካለችው ቦር ድረስ በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኦስፕሬይ ይህን በሦስት ሰዓት ከሩብ ውስጥ ያልፈዋል፤ ብላክ ሆክ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ደርሶ መልስ ሲሆን ስድስት ሰዓት ተኩል ከአሥር ሰዓት ጋር ይነጻጸራል። በእኛ አካባቢ ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ላይ የምሽቱን ዝግጅት፣ የነዳጅ ሙሊቱን፣ መሬት ላይ የሚባክነውን ጊዜ ሲቀንሱ ለሄሊኮፕተሩ የሚተርፍ ነገር የለም።

ቦርን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በቦር የተባበሩት መንግሥታት ግቢ የተጠለሉ አሜሪካውያንን ለማውጣት ከጅቡቲ የተላኩት ሦስት ሲቪ-22ዎች ናቸው። ታኅሣሥ 21 ለማረፍ ሲቃረቡ ከመሬት ተኩስ ተከፈተባቸው። ሦስቱ ተደምረው ከመቶ በላይ ጥይት ተቀብለዋል። የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመሮቻቸው ተበሳሱ፣ በውስጣቸው የነበሩ አራት የልዩ ኃይል አባላት ቆሰሉ። ሠራተኞቹ ማረፉን ትተው ናሴሎቹን፣ ማለትም በክንፉ ጫፎች ያሉትን ሞተሩንና የሚሽከረከሩትን ምላጮች (ሮተሩን) የያዙ ተዘንባይ ክፍሎች፣ ወደ ፊት አዘንብለው ፈጠኑና ወደ ዩጋንዳዋ ኢንቴቤ አቀኑ፤ በቀጥታ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዳጁ እየፈሰሰ ስለነበር በመንገድ ላይ በአየር ላይ ነዳጅ ከሚያድለው ኤምሲ-130 አውሮፕላን ነዳጅ ተቀብለዋል። ሦስቱም ደረሱ፣ ቁስለኞቹም ተርፈዋል። ሲቪሎቹን በማግስቱ ያወጧቸው የተባበሩት መንግሥታትና ሲቪል ሄሊኮፕተሮች ናቸው።

ይህ አንድ ክስተት የማሽኑን ሁለት ገጽታ ያሳያል። ሊያርፍ ሲል ዘገምተኛ፣ ትልቅና ጥይት የሚያገኘው ነው፤ ፍጥነቱ በዚያች ደቂቃ ምንም አይጠቅመውም። ከተመታ በኋላ ግን አካሉ እንዲህ ያለ ምት ይችላል። ሃይድሮሊኩ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ መስመሮች አሉት፤ የበረራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩም እንዲሁ ተደራራቢ ነው። ከዚያም ቁስለኛን ሆስፒታል ለማድረስ ፍጥነቱ ራሱ መድኃኒት ይሆናል። በእኔ ግምት በቦር የተሳሳተው ማሽኑ አይደለም። መሬት ላይ ማን እንዳለ ሳይጣራ፣ ከላይ የሚሸፍን ተኳሽ አውሮፕላን ሳይኖር ወደ ጠበበ ማረፊያ መግባት ቀጥ ብሎ ለሚያርፍ ለየትኛውም ማሽን አደገኛ ነው፤ ወደ ፊት ለማይተኩስ ማሽን ደግሞ ይብሳል።

የዋጋው ጉዳይ የሚጀምረው ከሮተሩ ነው። የኦስፕሬይ ሁለት ሮተሮች እያንዳንዳቸው 11.6 ሜትር ስፋት አላቸው። ሁለቱ ተደምረው የሚጠርጉት ክብ 210 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው የአንድ ብላክ ሆክ ዋና ሮተርም የሚጠርገው ያንኑ 210 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ብላክ ሆክ በዚያ ስፋት የሚያነሣው 10 ቶን ነው። ኦስፕሬይ ግን ቀጥ ብሎ ሲነሣ እስከ 23.8 ቶን ያነሣል። ሮተሩን ለምን አላሰፉትም ቢሉ፣ በአውሮፕላን አቋም ያው ሮተር ፕሮፔለር ሆኖ ስለሚያገለግል ነው። ሰፊ ሮተር በዚያ ፍጥነት ከባድ የአየር መከላከል ያመጣል፤ ከአካሉም ጋር ይጋጫል፤ በመርከብ ላይም አይታጠፍም። ተስማሚው መጠን ለሄሊኮፕተር ጠባብ፣ ለፕሮፔለር ሰፊ የሆነ አማካይ ነው። በማንዣበብ ጊዜ ሮተሩን በሙሉ ዙር አዙሮ በአውሮፕላን አቋም ወደ 84 በመቶ ማውረዱም የዚሁ ስምምነት አካል ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ኦስፕሬይ ሙሉ ክብደት ይዞ ሲያንዣብብ በእያንዳንዱ የሮተር ካሬ ሜትር ላይ 113 ኪሎ ያህል ያርፋል፤ በብላክ ሆክ 47 ኪሎ ነው። ቀላሉ የሮተር ስሌት በባሕር ወለል አየር ላይ ሲሠራ፣ ከኦስፕሬይ ሥር የሚወርደው ነፋስ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የብላክ ሆክ 100 ገደማ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ በተግባር የሚከተሉትን ያመጣል።

በገመድ መውረድ ይቻላል፤ በኋላ መወጣጫው በኩል። ነገር ግን ገመዱ ይገረፋል፣ የመጀመሪያው ወራጅ መሬት ላይ ቆሞ ገመዱን ካልያዘ የሚከተለው ይወዛወዛል። ሰውን በዊንች ስቦ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው፤ ቃሬዛው ይሽከረከራል፣ ባሕር ላይ ከሆነ ውኃው ተረጭቶ ዋናተኛውን ያፍነዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ድንኳንና አጥር ባለበት መንደር አቅራቢያ ማረፍ የሚተርፍ ንብረት አያስቀርም፤ የሚበረው ቆርቆሮም ራሱ ወደ ሮተሩ ይመለሳል። በደረቅ መሬት ላይ የሚነሣው አቧራ አብራሪውን የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ያሳውረዋል። አቧራው ሞተር ውስጥ ሲገባም በትኩሱ ክፍል ቀልጦ እንደ መስታወት በተርባይኑ ላይ ይጋገራል፤ ሞተሩም አየር ተነፍጎት ጉልበቱን ይጥላል። በግንቦት 2015 ሃዋይ ላይ ሁለት የባሕር እግረኞች የሞቱበት የኤምቪ-22 አደጋ መነሻ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በአቧራ ውስጥ ያለማቋረጥ ማንዣበብ የሚፈቀደው ከ60 ሰከንድ ወደ 35 ሰከንድ ዝቅ ተደረገ። መመሪያው ለአብራሪው የሚለው ግልጽ ነው፦ አንድ ጊዜ ሞክር፣ መሬቱን ካላየህ ጉልበት ሳይጎድልህ ተነሥተህ ውጣ፤ እዚያው ቆመህ አታፈላልግ።

ከፍታ ላይ ደግሞ ችግሩ ይጎላል፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ቀርቦ የሚታይ ነው። ከመሬት ርቆ ባለበት የሚያንዣብብበት ከፍታ ተብሎ የወጣለት ቁጥር 1,650 ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ ላይ ሙሉ ጭኖ ቀጥ ብሎ መነሣት አይታሰብም። ያለው አማራጭ ሁለት ነው፦ ነዳጅና ሰው መቀነስ፣ ወይም ማኮብኮቢያ ካለ ናሴሎቹን ወደ 60 እና 75 ዲግሪ መካከል አዘንብሎ እየተንደረደሩ መነሣት። ሁለተኛው ክንፉ የክብደቱን ድርሻ እንዲሸከም ስለሚያደርግ ብዙ ይረዳል፤ ነገር ግን ልዩ ዘመቻ ማኮብኮቢያ ያለበት ቦታ አይካሄድም። በደጋና በተራራ ላይ ኤምኤች-47ጂ ቺኑክ እስከ ዛሬ የሚመረጠው በዚህ ነው። እያንዳንዳቸው 18 ሜትር የሚሰፉ ሁለት ሮተሮች አሉት፣ በቀጭን አየርም ይይዝለታል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የበረራ ጣሪያው 25,000 ጫማ ተብሎ ቢጻፍም ካቢኑ የአየር ግፊት አይጠበቅለትም። ከ10,000 ጫማ በላይ ለመቆየት ወታደሮቹ በሙሉ ኦክስጅን ማድረግ አለባቸው። የሰው ጭነት ይዞ መጥፎ አየርን ከላይ አልፎ መሄድ፣ ሌላው ተርቦፕሮፕ እንደሚያደርገው፣ ለኦስፕሬይ ቀላል አይደለም። የካቢኑ ወርድም 1.8 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የጦር መኪናው ሃምቪ አይገባም፤ የሚጫነው እንደ ኤምአርዜድአር ያለ ጠባብ ተሽከርካሪ ነው።

አሁን አቀራረብ ላይ እንምጣ፤ አብራሪ የሚፈተነው እዚህ ነው። የጉልበት ማንሻው እንደ ሄሊኮፕተር ወደ ላይ አይሳብም፣ እንደ አውሮፕላን ወደ ፊት ይገፋል። የናሴሎቹን ዝንባሌ የሚያዘው በማንሻው ላይ ያለ በአውራ ጣት የሚሽከረከር ጎማ ነው። በዜሮ ዲግሪ ሙሉ አውሮፕላን፣ በ90 ዲግሪ ሙሉ ሄሊኮፕተር ነው፤ ወደ ኋላ እስከ 97 ዲግሪ ያህል ማለፍም ይችላል። ፍጥነትና ዝንባሌ የሚጣጣሙበት የተወሰነ ኮሪደር አለ፤ ከዚያ መውጣት አይቻልም። ጥሩ አቀራረብ የሚባለው ፍጥነቱን ቀደም ብሎ እያባከነ፣ ናሴሉን በደረጃ እያነሣ፣ መጨረሻው ላይ በቀስታ የሚወርድ ነው። መጥፎው አቀራረብ ዘግይቶ፣ ከፍ ብሎ ደርሶ፣ ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ገድሎ እንደ ድንጋይ ወደ ታች የሚሄደው ነው።

ይህ ሁለተኛው በሚያዝያ 2000 ማራና፣ አሪዞና ላይ 19 የባሕር እግረኞችን ገድሏል። የሌሊት ልምምድ ነበር። ተከታዩ ኤምቪ-22 ከመሪው ጋር ለመስተካከል በደቂቃ ከ2,000 ጫማ በላይ እየወረደ፣ ወደ ፊት ያለው ፍጥነት ከ40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች ነበር። ሮተር በራሱ ወራጅ ነፋስ ውስጥ ሲሰምጥ አየሩ በጠርዙ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ይሽከረከራል፣ ማንሻ ኃይሉም ይጠፋል። ጉልበት ሲጨመርለት ይብስበታል። በተራ ሄሊኮፕተር ይህ ቁልቁል መውደቅ ነው። በኦስፕሬይ ግን ሮተሮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ማንሣቱን ይቀጥላል፣ ማሽኑም ተገልብጦ ይዞራል። ከዚያ በኋላ በተደረገው ረጅም ሙከራ ሁለት ነገር ጸና። አንደኛ፣ ፍጥነቱ ከ40 ኖት በታች ሲሆን የመውረጃው ገደብ በደቂቃ 800 ጫማ ነው፣ ማለትም በሰከንድ አራት ሜትር፤ ገደቡ ሲታለፍ ማስጠንቀቂያ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ከገቡበት የሚወጡት ናሴሎቹን ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት በመግፋት ነው፤ ሮተሮቹ ወዲያው ንጹሕ አየር ያገኛሉ። ይህን ሄሊኮፕተር አያደርገውም። ከማራና ወዲህ በዚህ ምክንያት የጅምላ እልቂት አልደረሰም፤ ስለዚህ ኦስፕሬይን ዛሬም በዚህ ብቻ የሚያወግዙት ጊዜው ያለፈበት ክርክር ይዘዋል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው የሌላ ኦስፕሬይ ነፋስ ውስጥ መግባት ነው። በሰኔ 2012 ኤግሊን፣ ፍሎሪዳ አቅራቢያ አንድ ሲቪ-22 ከፊቱ ባለው ጓዱ የሮተር ነፋስ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠና በውስጡ የነበሩት አምስቱም ቆሰሉ። ብዙ ሆኖ ሲበረር ርቀትንና የከፍታ ልዩነትን መጠበቅ የጨዋነት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ወደ አንድ ማረፊያ ብዙ ኦስፕሬይ በአንድ ጊዜ ማስገባት ያለበት አቃጅ ሰፋ ያለ ሜዳ መፈለግ አለበት፤ ለሁለት ብላክ ሆክ የሚበቃው ለሁለት ኦስፕሬይ አይበቃም።

ሞተር አንዱ ቢጠፋስ? ሁለቱን ሮተሮች በክንፉ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ያገናኛቸዋል። አንዱ 6,150 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሌላውንም ሮተር ያዞራል፣ በአውሮፕላን አቋም ሳይቸገር ይበራል፤ ነገር ግን ጭኖ ማንዣበብ አይችልም፣ እየተንደረደረ ማረፍ አለበት። ሁለቱም ቢጠፉ ሄሊኮፕተር እንደሚያደርገው ሮተሩን በነፋስ እያሽከረከሩ በቀስታ ማረፍ ለዚህ ማሽን የሚታመን መንገድ አይደለም፤ ሮተሮቹ ትንሽ ናቸውና የሚያጠራቅሙት ጉልበት አያሳርፍም። ከፍታ ካለው ናሴሎቹን ወደ ፊት አድርጎ በክንፉ ይንሳፈፋል። በዝቅታና በ90 ዲግሪ ላይ ከሆነ አማራጩ ጥቂት ነው።

ያ ማገናኛ ዘንግ ግን ሌላ በሽታ አምጥቷል። በሞተሩና በሮተሩ ጊርቦክስ መካከል በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለ፤ የብስክሌት የኋላ ጎማ ፔዳሉ ሲቆም ብቻውን እንደሚሽከረከረው፣ ሞተሩ ሲደክም ሮተሩን ሳያግድ ይለቀዋል። ችግሩ ይህ ፍሪሲዮን ሳይታሰብ ሲንሸራተት ነው። በዚያች ቅጽበት ጭነቱ በሙሉ በማገናኛው ዘንግ በኩል ወደ ሌላው ሞተር ይዞራል። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ተመልሶ በድንገት ሲነክስ ኃይሉ በምት መልክ በመላው ማርሽ ውስጥ ያልፋል፤ ማሽኑ ይናወጣል፣ አንዳንዴም ጊርቦክሱና ሞተሩ መቀየር አለባቸው። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በመነሻው ሰከንዶች ውስጥ፣ ጉልበት በተሞላበት ሰዓት ነው። በነሐሴ 2022 የአየር ኃይሉ የልዩ ዘመቻ ዕዝ ሲቪ-22ዎቹን በሙሉ ያቆመው በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለደረሰበት ነው። ከዚያ በፊት በሰኔ 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሁለቱም በኩል ባንድ ጊዜ ደርሶ አምስት የባሕር እግረኞች ሞተዋል። ምርመራው ያመለከተው የፍሪሲዮኑ መግቢያ ክፍል ሲያረጅ የመንሸራተት ዕድሉ እንደሚጨምር ነው። በ2023 መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ ያንን ክፍል 800 የበረራ ሰዓት ላይ መቀየር ነበር፤ ዕድሉን እጅግ ቀንሶታል፣ ሥሩን ግን አልነቀለውም። ዘላቂው መድኃኒት አዲስ ንድፍ ያለው ፍሪሲዮን ነው።

የመጨረሻውና እስከ ዛሬ ያልተዘጋው ጊርቦክሱ ነው። ይህ በደንብ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም «አብራሪ ወይስ ማሽን?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ እዚህ ይገኛል።

የሮተሩ ጊርቦክስ በናሴሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሞተሩን ፈጣን ዙር ወደ ሮተሩ ቀርፋፋ ዙር ይለውጣል። በውስጡ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞሩ ጥርሳም ማርሾችና ኩሽኔታዎች አሉ። ዘይቱ ውስጥ ማግኔት ያለው ጠቋሚ አለ። የብረት ፍርፋሪ ሲይዝ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ያገናኝና ያመለክታል። ጥቃቅኑን ፍርፋሪ ጠቋሚው ራሱ በኤሌክትሪክ ምት ያቃጥለዋል፤ ለአብራሪው «ተቃጥሏል» የሚል መልእክት ይወጣል። ማቃጠል ያልቻለው ትልቅ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ቆሞ ይቀራል። ቃጠሎው ብዙ ጊዜ ከተለመደ ድካም ይመጣል፤ ለዚህ ነው ሠራተኛው ሊለምደው የሚችለው።

ኅዳር 29 ቀን 2023 አንድ ሲቪ-22 በጃፓን ከኢዋኩኒ ወደ ካዴና ሲበር የግራው ጊርቦክስ በተከታታይ አምስት ጊዜ ፍርፋሪ ማቃጠሉን አስታወቀ። መመሪያው ከሦስተኛው በኋላ በተመቸ ቦታ ማረፍን ይመክር ነበር፤ ግን ውሳኔውን ለአዛዡ ይተወዋል። በመሃል የሚቀርቡ ማረፊያዎች ነበሩ። ስድስተኛው ሊቃጠል ያልቻለ ፍርፋሪ ነበር። ወደ ያኩሺማ ደሴት አመሩ፤ ለማረፍ ሲቃረቡ ጊርቦክሱ ተበጣጠሰ። የግራው ሮተር ኃይል አጣ፣ ማገናኛው ዘንግም ሊያድነው አልቻለም፤ ዘንጉ ኃይል የሚያስተላልፈው በዚያው በተሰባበረው ጊርቦክስ በኩል ነውና። ማሽኑ በሰከንዶች ውስጥ ተገልብጦ ባሕር ገባ፣ ስምንቱም ሞቱ።

በ2024 የወጣው የምርመራ ውጤት ሁለት ምክንያት አስቀምጧል፦ በጊርቦክሱ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት በሚዞር አንድ ማርሽ ላይ የጀመረ ስንጥቅ፣ እና ሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያውን እንደ አጣዳፊ አለመያዛቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በእኔ ፍርድ ክብደቱ እኩል አይደለም። አብራሪው የተሰጠው መረጃ «ፍርፋሪ አለ» የሚል ነው እንጂ «ማርሽ እየተሰነጠቀ ነው» የሚል አይደለም፤ መመሪያውም ሲበር ለመቀጠል በር ከፍቶለት ነበር። ስንጥቁ የሚጀምረው ብረቱ ሲቀለጥ ውስጡ ከሚቀር ቅንጣት ቆሻሻ ነው። ያ ቆሻሻ በማርሹ ጥርስ ዙሪያ የሚደጋገም ውጥረት ሲያገኘው ይሰፋል። መፍትሔውም ፋብሪካ ውስጥ ነው፦ ብረቱን ሦስት ጊዜ አቅልጦ ማጥራት፣ ማርሾቹን በአዲሶቹ መቀየር። ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

እስከዚያ ድረስ የተወሰደው ጥንቃቄ ልዩ ዘመቻን በቀጥታ ይነካል። ኦስፕሬይ ከሦስት ወር ቆሞ መቆየት በኋላ በመጋቢት 2024 ሲመለስ ከሚያርፍበት ማኮብኮቢያ 30 ደቂቃ ባለማለፍ እንዲበር ገደብ ተጣለበት። በጉዞ ፍጥነቱ ይህ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ ለመድረስ የተሠራ ማሽን ከማኮብኮቢያ ጎን እንዳይርቅ ሲታዘዝ፣ ብቸኛው ጥንካሬው ተይዟል ማለት ነው። በውቅያኖስ ላይ ወይም በጠላት መሬት ላይ ይህ ገደብ ሲጠበቅ የሚቀረው ከሄሊኮፕተር የተሻለ ብዙም ነገር የለም። በዚያ ሰዓት ውሳኔው የአዛዥ ነው፤ ለምን ተልእኮ ምን ያህል አደጋ እንቀበል የሚል።

ስለዚህ ለምርጫው የምመክረው አካሄድ ይህ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን ለኩ። አንድ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ቺኑክ ወይም ብላክ ሆክ ይሻላል፤ ባነሰ ነፋስ፣ በጠበበ ቦታ፣ በተሻለ የመጨረሻ ደቂቃ ቁጥጥር ይሠራሉ። ከ800 በላይ ከሆነና በአንድ ሌሊት ማለቅ ካለበት ኦስፕሬይ ይመረጣል፤ ኤምሲ-130 ጄ በመንገድ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው ይታቀድ። ኦስፕሬይ ነዳጅ የሚቀበለው ከሄሊኮፕተር በላቀ የበረራ ፍጥነት ስለሆነ ነዳጅ አዳዩ አውሮፕላን እንደሌላው ጊዜ ሊወድቅ እስኪል ድረስ ፍጥነቱን መቀነስ የለበትም። መካከል ያለውን ርቀት የማረፊያው ከፍታና መጠን ይወስናል። ማረፊያው ከ1,600 ሜትር በላይ ከሆነ ክብደቱን በዕለቱ ሙቀት እንደገና ስሉ። አቧራ ካለ ሁለተኛ ማረፊያ አዘጋጁ። ሰው በዊንች የሚነሣ ከሆነ ሌላ ማሽን ፈልጉ። ከላይ የሚተኩስ አጃቢ ከሌለ ደግሞ የቦር ነገር ይታወስ።

ተተኪውስ? የአሜሪካ ምድር ጦር በታኅሣሥ 2022 የመረጠው የቤል ቪ-280፣ አሁን ኤምቪ-75 የተባለው፣ ከኦስፕሬይ ብዙ ተምሯል። ሞተሮቹ አይዘነበሉም፤ ተጋድመው ይቆያሉ፣ የሚዘነበለው ሮተሩና የላይኛው ጊርቦክስ ብቻ ነው። ትኩሱ ጭስ ወደ መሬት አይወርድም፣ ሣር አያቃጥልም። ክንፉም ቀጥ ያለ ነው፤ ማገናኛ ዘንጉ እንደ ኦስፕሬይ ወደ ፊት ባዘነበለ ክንፍ ውስጥ ማለፍ አይጠበቅበትም። ወታደሩ በጎን በር ይወርዳል። የልዩ ዘመቻ ተመሳሳዩም ከዚህ ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል። የማይለወጠው ግን ሁለት ጊርቦክስ፣ ሁለት ሮተርና በመካከላቸው ያለ ዘንግ መሆኑ ነው። በእኔ ዓይን የአዲሱ ማሽን ፈተና ፍጥነቱ አይደለም፤ በጊርቦክሱ ላይ ንዝረትን በየሰከንዱ የሚለካና ስንጥቅን ከፍርፋሪው በፊት የሚያሳይ ጠቋሚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተገጥሞበት ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው ነው።